ማሞቂያ የማያሻት ከተማ

የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር ሰዓት ሠሪው ወደ ፋርማሲው ብቅ ይል ነበር። የሚገዛው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ለተሰነጣጠቀ ጣት የሚሆን ቅባት። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ሰሞን ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ነበር የምትሸጥለት። በዚያ ወራት ወረፋው ረጅም ነው፤ ከተማው ሁሉ ያስላል። አንድ ቀን ግን ቅባቱን ስታቀብለው ዓይኗ ጣቶቹ ላይ አረፈ። ደም ቋጥረዋል። እንደ ደረቀ እንጨት አልታጠፍ ብለዋል።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችው።

«ሰዓት እጠግናለሁ።»

«በእነዚህ ጣቶች?»

«ጠዋት ጠዋት አይታዘዙኝም። ረፋድ ላይ ሲለመኑ ግን እሺ ይላሉ» ብሎ ፈገግ አለ።

«ሱቅዎ ውስጥ ማሞቂያ የለም?»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ እልም አለ። «የለም» አለና ቅባቱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። እሷ ቀኑን ሙሉ ‘ምን ብዬ ነው ያስቀየምኩት?’ ስትል ዋለች።

በሳምንቱ የአባቷን የእጅ ሰዓት ይዛ ሱቁ ሄደች። ከፈተው፤ በአጉሊ መነፅሩ አየው፤ ጆሮው ላይ አደረገው።

«እህቴ፣ ይሄ ሰዓት ጤነኛ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። ይህን ካለች በኋላ ፊቷ በርበሬ መሰለ። እሱም ሰዓቱን እንደያዘ ቀረ፤ አልመለሰላትም፤ እሷም አልተቀበለችውም። በመሀላቸው የነበረው አንቱታ የቀረው ከዚያች ቀን በኋላ ነው።

ማሞቂያ ለምን እንደማያበራ የነገራት ቆይቶ ነው። ሚስትና ትንሽ ሴት ልጅ ነበሩት። አንድ የብርድ ቀን እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሲያድር እነሱ የጋዝ ማሞቂያቸውን አብርተው ተኙ። ከማሞቂያው የሚወጣው መርዝ ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው። ጠዋት በሩን ሲከፍት ቤቱ ሞቅ ብሎ ጠበቀው። ሚስቱንም ልጁንም ቢጠራ ግን የመለሰለት የለም። ከዚያ ወዲህ ማሞቂያ የበራበት ክፍል ሲገባ ደረቱ ይዘጋል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ሮጦ ካልወጣ አይተርፍም። ስለዚህ ውርጭ በሚወርድባት በዚያች ደጋ ከተማ ያለ እሳት ይኖራል፤ ጣቶቹም ዓመት በዓመት እየተበላሹ ይሄዳሉ።

«ለማንም አትንገሪ» አላት። «በሐዘኔ ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አልፈልግም።»

ፋርማሲስቷ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው እግሯ እንዳመጣላት ነው። ቤት ውስጥ የሚጠብቋት ጡረተኛው ዳኛ አባቷ ናቸው። ሳንባቸው ከደከመ ቆይቷል። አልጋቸው ከጋዝ ማሞቂያው ጎን ነው፤ ማሞቂያው ቁሩ ከገባ እስኪወጣ ሌት ተቀን አይጠፋም። አባቷ ያለ ማሞቂያ አንድ ሌሊት አያድሩም። የምትወደው ሰው ደግሞ በማሞቂያ አንድ ሌሊት አያድርም። በሩን ከፍታ የሞቀው አየር ፊቷን ሲመታት ልቧ ስንጥቅ አለ።

* * *

ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣችው እሷ ናት።

«እንዲያው ማሞቂያ የማያሻት ከተማ የለችም?» አለችው፤ ሁለቱም ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሱቁ ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀምጠው። «እንኳን ማሞቂያ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ የማይገዛባት? እዚያ አባባም ይተነፍሳሉ፤ አንተም ትተኛለህ።»

እሱ እንደ ቀልድ ነበር የሰማው። እሷ ግን የምሯን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቆላው መንገድ የመጣ ደንበኛ ሁሉ መድኃኒት ከመቀበሉ በፊት ጥያቄዋን መመለስ ነበረበት። ‘እናንተ ዘንድ በብርዱ ወር ንጋት ላይ ትንፋሽ ይታያል? ልብስ ከታጠበ በስንት ጊዜ ይደርቃል? ሕፃን ልጅ በባዶ እግሩ ወለል ላይ ይሄዳል?’ ሰዎቹ ‘ይህች ልጅ ልታገባ ነው ወይስ ልትሸፍት?’ እያሉ ይስቁ ነበር። እሱም በበኩሉ ሰዓት ለማሠራት የሚመጣውን መንገደኛ እየያዘ ይጠይቅ ጀመር።

ሦስት ከተሞች ቀሩላቸው። ወሬ ብቻውን አላረካውምና፣ በቁሩ መሀል ሱቁን ዘግቶ በአውቶቡስ ሊያያቸው ሄደ። በእያንዳንዷ ከተማ ማሞቂያ የሌለው ክፍል ተከራይቶ ያድራል፤ ጠዋት ወረንጦውን አንሥቶ ትንሽ ሰዓት ይፈታል፤ ጣቶቹ ካልታዘዙት ከተማዋ ወደቀች ማለት ነው። ከዚያ ይጽፍላታል።

ከወደቧ ከተማ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ቀኑ ደስ ይላል። ብርዱም ብርድ አይባልም። ግን ግድግዳው ያልበዋል። አንሶላው ሌሊቱን እርጥብ ነው፤ የባሕሩም ነፋስ በበር ሥር ገብቶ አጥንት ይፈልጋል። ወጣት ይችለዋል። የአባትሽ ሳንባ ግን አይችለውም።»

ከአሸዋማዋ ከተማ ደግሞ፦ «እዚህ እርጥበት የሚባል የለም። ቀን ላይ ሸሚዜን አውልቄ ነበር። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግን ድንጋዩ ሁሉ ከዳኝ። ንጋት ላይ ባልዲው ውስጥ ስስ በረዶ አየሁ። ቀን የሚያባብል፣ ሌሊት የሚክድ አገር ነው። ሰዉ ሁሉ እሳት አንድዶ ነው የሚተኛ። አስቤሽ አደርኩ።»

ፋርማሲስቷ ‘አስቤሽ አደርኩ’ የምትለውን ቃል እየደጋገመች አነበበች። የመድኃኒት ማዘዣ የያዙት አዛውንት «ልጄ፣ የእኔን ደግሞ አንብቢልኝ» ባይሏት ኖሮ እዚያው ትውል ነበር።

ሦስተኛው ደብዳቤ የመጣው በተራሮች ከተከበበችው የሸለቆ ከተማ ነው። «ተገኘች» ይላል መጀመሪያው። «ተራሮቹ ነፋሱን ከልክለውታል። ቤቶቹ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይተነፍሱታል። ጣሪያዎቹን አየሁ፤ ጭስ ማውጫ የሚባል የለባቸውም። በአንድ ስስ ብርድ ልብስ ተኛሁ፤ ጠዋት እጄ ሳይለመን ታዘዘኝ። ቤትም አግኝቻለሁ። ለሁለት ሰው ይበቃል።»

እዚያ ላይ ስትደርስ ደስታዋ ባንዴ ጠፋ። ለሁለት ሰው። እሷና እሱ ማለት ነው። አባባስ? ስንት ጊዜ ተነጋግረው፣ ስንት ጊዜ ‘የአባትሽ ሳንባ’ ብሎ ጽፎ፣ በመጨረሻ ለሁለት ሰው? ሆድ ባሳት። መልስ አልጻፈችም። በተመለሰ ቀን ፋርማሲው ድረስ እየሮጠ ሲመጣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና፣ «ምን ልስጥዎት?» አለችው።

አንቱታውን ሲሰማ እጁ ወደ ኪሱ ወረደ። «ምን አጠፋሁ?»

«ለሁለት ሰው የሚሆን ቤት አግኝተዋል አሉ። እኔ አባቴን ጥዬ የምሄድ ሴት አይደለሁም።»

ወደ መደርደሪያው ተጠጋ። ቁጣ አልነበረም በዓይኑ፤ የገረመው ይመስላል። «ለአንቺና ለአባትሽ ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ከቤቱ ሥር ባለው ሱቅ ውስጥ አድራለሁ። አባትሽ ሳይፈቅዱ፣ ሳንጋባ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ገባች እንዲሉሽ አልፈልግም።»

ሰው ባይኖር ኖሮ መደርደሪያውን ዘልላ ታቅፈው ነበር። ሰው ስለነበረ እንባዋን በነጭ ጋወኗ እጅጌ ጠረገች። ያን ያህል አስቦላት እሷ ያን ያህል ጠርጥራው ነበር። ከደስታዋ ይልቅ እፍረቷ በለጠ።

* * *

ዳኛው ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። የተቆጡት እህታቸው፣ አክስቷ ናቸው።

«ሰዓት ጠጋኝ?» አሉ አክስት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «የዳኛ ልጅ? ሐኪም ለትዳር ቢጠይቅሽ፣ መሐንዲስ ቢጠይቅሽ ‘ጊዜ የለኝም’ ስትዪ፣ ለካ ጊዜ የሚጠግን ነበር የምትጠብቂው!»

«አክስቴ፣ እባክዎ።»

ዳኛው እጃቸውን አነሡ፤ ዝም አሉ ሁለቱም። «ሰውየው ይምጣ» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው። «ሳላየው አልፈርድም።»

የተባለው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዓት ሠሪው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ፋርማሲስቷ በሩን ስትከፍትለት የክፍሉ ሙቀት ወደ ውጭ ወጣ። ከአልጋው ጎን ማሞቂያው ቀይ ሆኖ ይነድዳል፤ ጋዙ ስስ ድምፅ ያሰማል። እሱ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። እግሩ አልነሣ አለው።

«ምነው? ቤታችን አይመጥንህም?» አሉ አክስት።

ፋርማሲስቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ በዓይኑ ከለከላት። ከዚያም ገባ። እንዴት እንደገባ እሷ ብቻ ታውቃለች፤ ወደ ውኃ እንደሚገባ ሰው ትንፋሹን ይዞ ገባ። ለዳኛው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። የተዘጋጀለት ወንበር ከማሞቂያው አጠገብ ነበር፤ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ጉልበቱ ላይ ያሉት እጆቹ ተንቀጠቀጡ።

ዳኛው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ብዙ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ» አሉ። «የውሸታም መንቀጥቀጥ አለ፤ የፈሪ አለ። የአንተ ከሁለቱም አይደለም። ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ለማንም የማይናገረውን ያን ጊዜ ተናገረ። አላስረዘመም። ሚስቱን፣ ልጁን፣ የሞቀውን ቤት። ሲጨርስ ዳኛው ወደ ማሞቂያው አዩ።

«አጥፊው» አሉ ዳኛው ወደ ልጃቸው ዞረው።

«አባባ፣ ሐኪሙ…»

«አጥፊው አልኩ። ሰው ቤቴ መጥቶ እየሞተ ከእኔ ጋር አይጫወትም። ብርድ ልብስ ደራርቢልኝ።»

አጠፋችው። መስኮቱን ገርበብ አደረገች። ሰዓት ሠሪው ሲተነፍስ አየች፤ የአባቷን ብርድ ልብስ ደግሞ እስከ አገጫቸው ሳበች።

ከዚያ ዳኛው እንደ ጥንቱ ምርመራ ጀመሩ። «የሸለቆዋ ከተማ ሌሊቷስ?»

«በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደርኩት፣ ጌታዬ።»

«እርጥበቱስ?»

«የወደቡን ያህል ቀርቶ የዚህን ያህልም የለውም። ማታ ውጭ የረሱት ጋዜጣ ጠዋት እንደደረቀ ነው።»

«ነፋሱ?»

«ተራሮቹ አይፈቅዱለትም።»

«እንዲያ ያለ ተራራ እዚህም ቢኖር ኖሮ የእህቴንም ጩኸት ይከለክልልን ነበር» አሉ ዳኛው፤ ሳቁም። ከአልጋ ከዋሉ ጀምሮ እንዲያ ሲስቁ ልጃቸው ሰምታ አታውቅም። እንግዳው ‘ልሂድ፣ ይበርድዎታል’ ሲል ‘ተቀመጥ’ ይሉታል፤ ልጃቸው ወደ ማሞቂያው ስትጠጋ በእጃቸው ይመልሷታል። ስለ መንገዱ ጠየቁት፤ ስለ ፀሐይዋ፤ አልጋቸው በየት በኩል እንደሚሆን። በመጨረሻ የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ «ምስክርነቱን ተቀብያለሁ» አሉ።

ፋርማሲስቷ በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ የሚጎድላት ነገር አልነበረም።

* * *

ዳኛው በማግስቱ ትኩሳት ያዛቸው። ሳሉ በረታ። ሆስፒታል ገቡ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አረፉ።

ሐኪሙ ለልጃቸው በግልጽ ነግሯታል። «ሳንባቸው አልቆ ነበር። ትኩሳቱ ቀድሞ ውስጣቸው ሳይኖር አይቀርም። የአንድ ከሰዓት ብርድ ብቻውን ይህን አያደርግም።» ሰማችው። ሙያዋም ነውና ገባት። ግን ጆሮ የሰማውን ሁሉ ልብ አይቀበልም።

ለቅሶው ላይ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሰዓት ሠሪው ጥቁር ለብሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። አክስት አዩት።

«ወንድሜን ያለ ሰዓቱ የወሰደው ይኸው፣ ሰዓት ሠሪው!» ብለው ጮኹ። «እሳቱን ያስጠፋው እሱ ነው! ብርዱን ይዞ የገባው እሱ ነው!»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እሱ ግን ወደ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያየው። የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው። ‘ተዉ አክስቴ’ ብትል ይበቃው ነበር። ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃው ነበር። እሷ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ድንጋይ ሆኖ ደረቱ ላይ አረፈ። እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሰንብታ ወደ ሱቁ ስትሄድ ዕቃውን ሲያስር አገኘችው። የግድግዳ ሰዓቶቹ ወርደዋል፤ ቦታቸው ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ክቦች ቀርተዋል።

«ልትሄድ ነው?»

«ጣቶቼ ሌላ የብርድ ወር አይችሉም።»

«አክስቴ በሐዘን ነው የተናገሩት። አትቀየማቸው።»

«እሳቸው በተናገሩት አይደለም የከፋኝ» አለ፤ ጀርባውን እንደሰጣት። «አንቺ ባልተናገርሽው ነው።»

ልትዋሸው ትችል ነበር። ‘ደንግጬ ነው፣ ቃል ጠፍቶኝ ነው’ ብትል ያምናት ነበር፤ ሊያምናትም ፈልጓል። እሷ ግን ሰው እስከዚህ ከወደዱ በኋላ መዋሸት አልሆነላትም።

«በዚያች ቅጽበት አምኜው ነበር» አለች። «ሐኪሙ የነገረኝን እያወቅኩ፣ አንተን እያወቅኩ፣ አምኜው ነበር።»

ዞረ። ፊቱ ላይ ያየችው ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኗ አልወጣም። «እኔም አምኜዋለሁ» አለ። «እሳቱ ሲነድ የእኔን ሰዎች ወሰደ። ሲጠፋ ደግሞ ያንቺን። ከእኔ ጋር ማን ይኖራል?»

‘እኔ’ ማለት ነበረባት። ቃሉ እንባዋ ውስጥ ሰጠመ። እየተያዩ ቆሙ፤ አንዳቸውም አንድ እርምጃ አልቀረቡም። የሚዋደዱ ሰዎች እንዲያ ሲራራቁ ከማየት የከፋ ነገር የለም።

* * *

ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ፋርማሲስቷ በቅጡ አታስታውሰውም። ማሞቂያውን ለአክስቷ ሰጠች። ጠዋት ፋርማሲ፣ ማታ ቤት። ደብዳቤ አልጻፈም፤ አልጻፈችም። እሱ ‘ፊቴን ስታይ አባቷን ነው የምታየው’ ብሎ ዝም አለ። እሷም ‘ይቅር አይለኝም’ ብላ ዝም አለች። ቁሩ ተመልሶ ሲገባ ግን አንድ ጠዋት ለጣታቸው ቅባት የሚጠይቁ ሰዎች ተሰልፈው አየች፤ ከመሀላቸው እሱ የለም። ጋወኗን አወለቀች።

የሸለቆዋ ከተማ የደረሰችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ከአውቶቡስ ስትወርድ ካፖርቷን አወለቀች፤ ትንሽ ሄዳ ሹራቧን። ልብሷን በክንዷ ይዛ፣ በሮች ሁሉ በተከፈቱበት መንገድ አለፈች። አሮጊቶች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ክር ይፈትላሉ። ሁሉም እሱ እንደጻፈው ነው። ሰዓት የሚጠግን እንግዳ ሰው ታውቁ እንደሆን ስትጠይቅ በእጃቸው አመለከቷት።

ጠረጴዛውን ወደ ደጅ አውጥቶ ይሠራል። ቀና ሲል አጉሊ መነፅሩ ከዓይኑ ላይ ወደቀ።

«ለምን መጣሽ?»

«ያን ቀን ለአክስቴ መመለስ የነበረብኝን ልነግርህ።»

«እሳቸው እዚህ የሉም።»

«አንተ አለህ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። «አባቴን ማንም አልገደላቸውም። አባቴ እንግዳ አከበሩ። ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይህን በሰው ፊት መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወረንጦውን አስቀመጠ። እጆቹ ድነዋል፤ ቆዳቸው ለስልሷል።

«ዘገየሽ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ያን ቤት ለቀቅኩት። ሌሎች ገቡበት። ለእናንተ ባልኩት ክፍል ውስጥ ሳልፍ…» ቃሉን አልጨረሰም። «ሊሆን የነበረውን ሳስበው አልቻልኩም።»

የተቀመጠበትን በርጩማ አንሥቶ ፀሐይ ላይ አኖረላት፤ ራሱ የደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሙቀቱ ትከሻዋ ላይ አረፈ። የዓመቱ ክፉ ወር ነው፤ እዚያ ደጋው ላይ ሰው አፍንጫው ቀልቶ ይሮጣል። እዚህ ግን አላፊ አግዳሚው እጅጌውን ሰብስቦ ይሄዳል።

«አባባ ይችን ፀሐይ…» አለችና መቀጠል አቃታት።

ዓመት ሙሉ ያልመጣላት ልቅሶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከሆዷ ገንፍሎ መጣ። በጠራራ ፀሐይ መሀል ተቀምጣ ብርድ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች። እሱ አታልቅሺ አላላትም። ተጠጋና ከጎኗ ተቀመጠ፤ እሱም ያለቅስ ነበር፤ ለእሳቸው፣ ለራሱ ሰዎች፣ ሁለቱም ዝም ብለው ላባከኑት ዓመት።

ትቆይ እንደሆነ ገና አላወቀችም። እሱም አልጠየቃትም። ከዚያ በርጩማ ላይ ለመነሣት ግን አቅም አልነበራትም።